ገንዳ እንቆፍር ወይስ ጎርፍ እንቀልብስ? አንድ የወርቅ ማውጫ ያስነሳው ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ። ክሩን፣ ማለትም በመድረካችን ላይ በጽሑፍ የተካሄደውን ይህን ውይይት፣ የከፈተው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሚገኝ አንድ መካከለኛ የወርቅ ማውጫ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆኖ የሚሠራ ወጣት ነው። ድርጅቱን በስም አልጠራም፤ እንዲጠራም ማንም አልወተወተውም። ያቀረበው ሁኔታ እንዲህ ነው። ክፍት ጉድጓዱ በቀይ አፈር ላይ ተቆፍሯል፤ ከጎኑ ወርቅ የሌለው አለትና አፈር ከገልባጭ መኪና እንደወረደ ተከምሯል፤ ገልባጮቹ የሚመላለሱበት መንገድ ከጉድጓዱ እስከ መፍጫው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ከሳይቱ የሚወጣው ውሃ በሙሉ የሚያልፍበት አንድ የደለል ማስቀሪያ ገንዳ አለ። ባለፈው ክረምት ገንዳው ሐምሌ ሳይጋመስ በደለል ሞላ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው እንደገባ ቀይ ሆኖ ይወጣ ጀመር፤ መንደሮቹ ከብት የሚያጠጡበት ወንዝም እስከ መስከረም ድረስ አልጠራም። ዘንድሮ አለቆቹ ግንቦት ሳይገባ ለጥቂት ቀናት የሚሠራበት አንድ ኤክስካቫተር ፈቅደውለታል። የጠየቀው፣ የገንዳውን ጥልቀት ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ቢያደርሰው ለክረምቱ ይበቃው እንደሆነ ነበር።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በመድረካችን ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት አስተያየት ተሰጥቶበት ይረሳል። ይኸኛው ግን 19 ምላሽ አገኘ። ክሩን ከመጀመሪያው ለማንበብ ጊዜ ለሌላቸው የመድረኩ ተከታታዮች በራሴ አገላለጽ በቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ፤ ክብደት የሌላቸውን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። በእኔ ግምት የክሩ ፍሬ ያለው ውሃው ገንዳው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ስለሚያልፍበትና ከሳይቱ ከወጣ በኋላ ስለሚያርፍበት ቦታ በተነገረው ላይ ነው።

ምላሽ 1። በውሃ ምህንድስና ረጅም ዘመን የሠሩ አንዲት ባለሙያ፣ ወንድሜ ብለው ጀምረው፣ ስለ ጥልቀት ከማውራታቸው በፊት ወደ ገንዳው የሚያፈስሰው መሬት ስንት ሄክታር እንደሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ማሽን የነካው ምን ያህሉ እንደሆነ፣ ከጉድጓዱ በላይ ያለው ኮረብታም ወዴት እንደሚያፈስስ ጠየቁ። በእሳቸው አስተያየት የማዕድን ሳይትን ጎርፍ ለመያዝ መጀመሪያ የሚደረገው ሳይቱን ያልነካውን ውሃ ሳይቱ ውስጥ አለማስገባት ነው። ከኮረብታው ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ጠርቶ የሚወርደው ዝናብ ጉድጓዱንና መንገዱን ሲያቋርጥ ቀይ ጭቃ ይሆናል፤ ያኔ በነጻ ሊያልፍ ይችል የነበረውን ውሃ ገንዘብ አውጥቶ ማጥራት ግድ ይላል። ስለዚህ ኤክስካቫተሩ ሥራውን ከላይ፣ ከኮረብታው ወገብ ጀምሮ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቁረጥ አሉ።

ምላሽ 2። የማሽን ኦፕሬተር የሆነ ሰው፣ የእህታችንን ሐሳብ አከብራለሁ ካለ በኋላ፣ ቦይ መቁረጥ የቀያሽ ሥራ ስለሚጠይቅ በተሰጠው አጭር ጊዜ ውስጥ የሚያዋጣው ገንዳውን ማጥለቅ ነው አለ። በሠራባቸው ሳይቶች ሁሉ ጥልቅ ገንዳ ደለሉን እንደሚይዝና በክረምት መካከል ማሽን ጭቃ ውስጥ እንዳይገባ እንደሚያደርግ ገለጸ። የመጨረሻውን ነጥብ ማንም አላስተባበለበትም።

ምላሽ 3። እዚህ ላይ የመጣው እርማት ከክሩ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። ጸሐፊው ጥልቀት ደለል ለማከማቸት እንጂ ደለል ለመያዝ እንደማይረዳ አስረዳ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ገንዳው ሲጠልቅ ውሃው በውስጡ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን የአፈር ቅንጣቷ ወለል ላይ ለማረፍ የምትወርደው ርቀትም በዚያው ልክ ይረዝማልና ትርፉ ይጣፋል። ውጤቱን የሚወስነው የገንዳው የላይ ስፋት ነው። ዲያሜትሯ (ውፍረቷ) 0.02 ሚሊ ሜትር የሆነች የደለል ቅንጣት በ20 ዲግሪ ሙቀት በረጋ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 0.36 ሚሊ ሜትር ያህል ትሰጥማለች፤ ስለዚህ በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ የሚገባበት ገንዳ እሷን ለማስቀረት ቢያንስ ወደ 2,800 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያስፈልገዋል። ከእሷ አሥር እጥፍ የደቀቀችው የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ በአንድ ቀን የምትወርደው ከ31 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ አንድ ሜትር ለመስጠም ከሦስት ቀን በላይ ይፈጅባታል። ቀይ አፈር የሸክላ ቅንጣት የበዛበት በመሆኑ የወንዙን መቅላት በገንዳ ብቻ ለማስቀረት ማሰብ ከንቱ ድካም ነው፤ አፈሩ ከቦታው እንዳይነሣ ማድረግ ይቀድማል ሲል ደመደመ።

ምላሽ 4። የክሩ ባለቤት ተመልሶ አመሰገነና ቁጥሮቹን አቀረበ። ወደ ገንዳው የሚያፈስሰው መሬት 60 ሄክታር ነው፤ ከዚህ 20 ሄክታሩ ማሽን የነካው፣ 40 ሄክታሩ ደግሞ ከላይ ያለው ኮረብታ ነው። ገንዳው 30 በ40 ሜትር ነው። የጎርፉን መጠን ያሰላው በአካባቢው በአንድ ቀን የተመዘገበን 72 ሚሊ ሜትር ዝናብ ለ24 ሰዓት አካፍሎ፣ በሰዓት 3 ሚሊ ሜትር በማድረግ ነበር። ከተቆፈረው መሬት ላይ ከሚዘንበው 70 በመቶው ይፈስሳል ብሎ ሲያባዛ በሰከንድ 0.12 ሜትር ኩብ ያህል አገኘ፤ በምላሽ 3 መለኪያ ሲመዝነው ገንዳው ከበቂ በላይ ሆነበትና ግራ መጋባቱን ጻፈ።

ምላሽ 5። የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ይህ ጸሐፊ ሰላምታም አላስቀደመ። የቀን ዝናብን ለ24 ማካፈል በሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ይቅር የማይባል መሆኑን፣ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ የሚመጣ ዝናብ አብዛኛውን ውሃውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደሚጥለው፣ 20 ሄክታር ላይ ያለ ጎርፍም ከሩቁ ጫፍ ገንዳው ዘንድ ለመድረስ ከሩብ ሰዓት ብዙም እንደማያልፈው ጻፈ። የቀድሞው የመንገዶች ባለሥልጣን የጎርፍ ማፋሰሻ ንድፍ መመሪያ አገሪቱን በዝናብ ቀጠናዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቀጠና ዝናቡ በምን ያህል ደቂቃ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያሳዩ ኩርባዎች እያሉት፣ ሰው እንዴት በቀን ዝናብ ይነድፋል ሲል ጠየቀ። ለማሳያ በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር ወስዶ ሲያሰላ በሰከንድ 3.5 ሜትር ኩብ መጣ፤ ወጣቱ ካገኘው 30 እጥፍ ማለት ነው። ያን ሁሉ ውሃ ለማጥራት 9,700 ካሬ ሜትር ያህል ገንዳ ያስፈልጋል፤ ያለው ግን 1,200 ብቻ ነው። ይህን ሳይት በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ያሳለፈው ባለሙያ ማን እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ ብሎ ደመደመ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን አላስፈላጊ ነበር፤ ወጣቱ ጥናቱን አልሠራውም።

ምላሽ 6። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ተመልሰው መጡና፣ የምናርመው ሰው ነገ ደግሞ እንዲጠይቀን አድርገን እናርም ካሉ በኋላ፣ ምላሽ 5 የዘነጋቸውን ሁለት ነገሮች ጨመሩ። አንደኛው ገንዳው የዓመቱን ከባድ ዝናብ ሁሉ እንዲያጠራ አለመጠበቁ ነው፤ ገንዳው የሚነደፈው ደጋግሞ ለሚመጣው መካከለኛ ዝናብ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ትልቁን ጎርፍ ግድቡን ሳያፈርስ የሚያሳልፍ ትርፍ ውሃ ማስወጫ ግን የግድ ሊኖረው ይገባል። የአፈር ግድብ ውሃ በጀርባው ከዘለለበት የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ሲሄድም የዓመቱን ደለል ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው የኮረብታው 40 ሄክታር ነው። ሣር ስለለበሰ ከሚዘንብበት 30 በመቶው ብቻ ቢፈስስ፣ ዝናቡም በሰዓት 70 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 2.3 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ ወደ ሳይቱ ይገባል፤ ይህን ብቻ ለማጥራት 6,500 ካሬ ሜትር ያህል ገንዳ ያስፈልግ ነበር። መቀልበሻ ቦዩ የሚያድነው ይህን ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ገንዳው ጥልቀት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ምላሽ 7። ከጉጂ የጻፈ ሰው ከዝናብ በፊት የሚለው አነጋገር ለምዕራቡ እንጂ ለሁሉም እንደማይሠራ አሳሰበ። በእነሱ አገር ዋናው ዝናብ ጋና የሚባለው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ነው፤ ሁለተኛው ሐጋያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል፤ ደጋው በጭቃ የሚዋጥበት ሐምሌና ነሐሴ በእነሱ ዘንድ ደረቅ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተቋራጭ ቦዩን በግንቦት መጨረሻ ለማድረስ ሲያቅድ ዋናው ዝናብ አልፎ ያገኘዋል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ክረምት ነው ብሎ ሥራ ያቆማል። ይህን ጨዋ እርማት ካቀረበ በኋላ በዚያው በጉጂ ወደሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ዞረና፣ በግንቦት 2010 የአካባቢው ሕዝብ ካደረገው ተቃውሞ በኋላ ፈቃዱ እንደታገደ አስታውሶ፣ ሕዝብ በኬሚካል ጉዳይ እያለቀሰ ባለበት አገር ስለ ጭቃ መከራከር ቅንጦት ነው አለ።

ምላሽ 8 እና 9። ምላሽ 8 በዚህ ተቆጣ፤ የክሩን ርዕስ ያላነበበ ሰው ክር አይጥለፍ አለ። ምላሽ 9 ግን ነገሩን በእርጋታ ይዞ አገናኘው። አርሴኒክና ሜርኩሪን የመሰሉ ብረቶች ከውሃው ይልቅ ከደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች ጋር ተጣብቀው እንደሚጓዙ፣ ስለዚህ ጭቃው ራሱ የኬሚካሉ ተሸካሚ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ከዚያም በሩማኒያ ባያ ማሬ አጠገብ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2000 የደረሰውን አነሣ። ዝናብና የቀለጠ በረዶ የዝቃጭ ኩሬውን፣ ማለትም ወርቅ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ኬሚካል ያለበት ጭቃ የሚጠራቀምበትን ኩሬ፣ ከአቅሙ በላይ ሞልተውት ግድቡ ተደረመሰና፣ 100,000 ሜትር ኩብ ያህል ሳይናይድ ያለበት ውሃ ወደ ወንዝ ገባ፤ ቲሳን አቋርጦ እስከ ዳኑብ ደረሰ፤ በሃንጋሪ በኩል ብቻ ከ1,000 ቶን በላይ ዓሣ አለቀ። ኬሚካሉን ተሸክሞ የሄደው ተራ የክረምት ውሃ ነበር። በመሆኑም የጎርፍ መቀልበሻ ከሁሉ በፊት መከበብ ያለበት የዝቃጭ ኩሬውን ነው፤ በኩሬው ውሃና በግድቡ አናት መካከል ያለው ባዶ ከፍታም ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ተለክቶ መጻፍ አለበት አለ። የጉጂው ሰው ለዚህ ምስጋና ጻፈ፤ ለምላሽ 8 ግን መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 10። የአፈር ጥበቃ ተማሪ የሆነች ልጅ ከክምሩ በዓመት ስንት ቶን አፈር እንደሚታጠብ ለማስላት፣ ተመራማሪው ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ያጣጣመውን የአፈር መከላት ቀመር ወጣቱ እንዲጠቀም ሐሳብ አቀረበች። ቀመሩ የዝናቡን አፈር የመሸርሸር ኃይል ከዓመታዊው የዝናብ መጠን በቀጥታ ያወጣል፤ ዓመታዊው ዝናብ በ0.562 ተባዝቶ 8.12 ይቀነስለታል፤ ለ1,200 ሚሊ ሜትር 666 ይመጣል። ለማስላት ቀላል በመሆኑ ከተመራቂ ጽሑፎች ብዙዎቹ ውስጥ ይገኛል። ሆኖም ቁጥሮቹ የተቀመሩት እንደ አንጀኒ፣ ማይባርና አንዲት ጥድ ባሉ የምርምር ጣቢያዎች በእርሻ መሬት ላይ ከተለካው ነው። አዲስ የተገለበጠ የአለት ክምር ወደ 37 ዲግሪ የሚጠጋ ተዳፋት ላይ ነው የሚቆመው፤ አፈሩ ሥር የለውም፤ ውሃ እንደ ማሳ ገጹን አጥቦ መሄዱን ትቶ ውስጡን ሰርስሮ ይገባል። ይህን እርማት ያቀረበው ያው የምላሽ 5 ጸሐፊ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በትሕትና ነበር፤ ቀመሩ ሁለት አማራጮችን ለማነጻጸር ይጠቅማል፣ ቁጥሩ ግን ለሪፖርት አይሆንም አላት። ክምሩን በተመለከተም ተዳፋቱን ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር አግድም እስኪሆን በዶዘር ማስተኛት፣ በየደረጃው ወደ ውስጥ ያዘመመ እርከን መተውና በክምሩ አናት ላይ የሚጠራቀመው ውሃ በጠርዙ እንዳይዘል ማድረግ እንደሚሻል ጨመረ። ክምር ሲተኛ ግርጌው ወደ ውጭ ስለሚሰፋ ከፈቃዱ ወሰን ጋር አስቀድሞ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ይህ ቆይቶ ዋጋ ያለው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተገኘ።

ምላሽ 11። ይህ የእኔ ነው። ሁሉም ስለ ጉድጓዱና ስለ ክምሩ ሲናገር መንገዱ ተረስቶ ነበር። በአንድ የድንጋይ ማውጫ ዝናብ እንዳባራ መንገዱን በእግሬ ተከትዬ ወርጄ አውቃለሁ። ገልባጮች እንዳይወድቁ በመንገዱ ጠርዝ የተከመረው አፈር ውሃውን ከመንገዱ እንዳይወጣ ይዞታል፤ ውሃው በጎማ ዱካ ውስጥ፣ የተፈጨውን ዱቄት አፈር ይዞ፣ ቡና ቀለም ሆኖ ይሮጣል፤ መንገዱ በታጠፈበት ዝቅ ያለ ቦታ ጠርዙን ሰብሮ ይወጣል፤ ከስብራቱ በታች ቁመቴን የሚያህል ቦረቦር ተከፍቶ ነበር። ከላይ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ጠርዝ ግን እንደተከመረ ነው። ጠርዙን በየ40 እና 50 ሜትሩ ከፍቶ ውሃውን ድንጋይ ወደተነጠፈበት ትንሽ ማረፊያ ማውጣት፣ የመንገዱንም ገጽ በግሬደር ወደ አንድ ጎን ማዘመም ኤክስካቫተሩን ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። ይህን ጻፍኩ። ምላሽ 12 በመስማማት፣ ጠርዙ ሲከፈት የደኅንነት ክፍሉ እንደሚቃወምና ክፍተቱ ከገልባጩ ጎማ ስፋት ያነሰ መሆን እንዳለበት ጨመረ፤ ልክ ነው።

ምላሽ 13። ወደ ሣር ተገባ። አንዱ ክምሩ ላይ ቬቲቨር ይተከል አለ፤ ሥሩ እስከ 3 ሜትር ስለሚወርድ፣ በዘር ስለማይዛመትና ከብት የበሰለ ቅጠሉን ብዙም ስለማይወደው። ሌላው ከጨንቻ የተገኘውን ደሾን መረጠ፤ መኖ ስለሆነ ገበሬው ራሱ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው መኖ መሆኑ ራሱ ጉዳት ነው፣ አጥር በሌለው ክምር ላይ ፍየል ከሥሩ ነቅሎ ይጨርሰዋል ሲል መለሰ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ፍየልና ወደ ፍየል ባለቤቶች ዞረ፤ ደግነቱ አንዲት ሴት በመካከል ገብታ፣ የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ድፍርስ ውሃ እንደሚጠራበት አስታውሳ፣ ለገንዳው ይሆን እንደሁ ጠየቀች። መልሱ ለእንስራ እንጂ ለሺህዎች ሜትር ኩብ አይደለም፣ በዚያ መጠን አልሙም ወይም ሌላ ማርጊያ ኬሚካል በልኩ መጨመር ይቀላል የሚል ነበር። በሣሩ ክርክር ውስጥ አንድ ነገር ሳይነገር ሊያልፍ ነበር፦ ሣሩ ምንም ይሁን ምን፣ ጉድጓዱ ሲከፈት የተገፈፈው ለም የላይ አፈር ለብቻው ተከምሮ፣ ከጎርፍ ተጠብቆ ካልቆየ፣ በአለት ላይ የሚበቅል የለም።

ምላሽ 14። ክሩን ወደ ሌላ ደረጃ ያሸጋገረው ይህ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ራሱን የገበሬ ልጅ፣ በሙያው የቀበሌ ልማት ሠራተኛ አድርጎ አስተዋወቀ። እስካሁን ሁላችሁም የጻፋችሁት ጎርፉን ከሳይቱ ስለማራቅ ነው፣ ወዴት ነው የምታርቁት ብሎ ጠየቀ። በእነሱ ቀበሌ አንድ ድንጋይ ማውጫ ልክ በምላሽ 1 የተመከረውን አድርጎ፣ ከላይ ጥሩ መቀልበሻ ቦይ ቆርጦ ነበር። ቦዩ በሳይቱ ወሰን ላይ አበቃ። ከወሰኑ ማዶ የአጎቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ቀድሞ በኮረብታው ላይ ተሰራጭቶ በዝግታ ይወርድ የነበረው ውሃ በአንድ አፍ ተሰብስቦ ማሳው ላይ ወረደ። በመጀመሪያው ክረምት እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር ተከፈተ፤ በሁለተኛው የቦረቦሩ ራስ ወደ ላይ እየናደ አጥሩን ደረሰበት፤ የአጥሩ እንጨቶች ከሥራቸው መሬት ተወስዶ በሽቦው ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። አጎቱ ሲከሱ፣ ድርጅቱ ቦዩ በፈቃዱ ወሰን ውስጥ መሆኑን፣ ቦረቦሩ ግን ከወሰኑ ውጭ መሆኑን ጠቅሶ መለሰ።

ምላሽ 15። በማዕድን ዘርፍ የሚሠራ አንድ ሰው በቁጣ ገባ። ገበሬው ራሱ እስከ ገደል አፋፍ እያረሰ፣ እርከኑን እያፈረሰ፣ ቦረቦር ሁሉ የድርጅት ነው መባሉ ፍትሕ አይደለም፤ ያ ቦረቦር ከድርጅቱ በፊትም ሊኖር ይችላል፤ ካሳ ተከፍሎ ይሆናል አለ። ስለማያውቀው ማሳ ይህን ያህል በልበ ሙሉነት መናገሩ አስገረመኝ። የልማት ሠራተኛው ግን አልተቆጣም፤ ቦታው ከመቆፈሩ በፊት የተነሣ የአየር ፎቶግራፍ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እንደሚገኝና ቦረቦሩ በፎቶግራፉ ላይ እንደማይታይ ብቻ ጻፈ።

ምላሽ 16። የሕግ ባለሙያ የሆኑ ሰው ሁለቱንም አረጋግተው ነገሩን በአዋጅ መነጽር አዩት። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይገደዳል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ጥናቱ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል፤ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ጉዳት የደረሰበትን አካባቢ መልሶ ለማቋቋም ገንዘብ እንዲመድብ ተደንግጓል። በእሳቸው እይታ ክፍተቱ ያለው ከአዋጁ ላይ አይደለም። አብዛኛው ጥናት ተጽዕኖውን የሚያየው በፈቃዱ ካርታ መስመር ውስጥ ነው፤ ውሃ ግን ያን መስመር አያውቀውም። የመቀልበሻ ቦይ መውጫ በጥናቱ ውስጥ በቦታና በንድፍ ካልተጻፈ፣ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚያመሳክረው ቃል አይኖርም።

በዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በሙያችን ቦይ ሲነደፍ ስፋቱ፣ ጥልቀቱና ተዳፋቱ በጥንቃቄ ይሰላል፤ መውጫው ግን በሥዕሉ ላይ ወደ ተፈጥሮ ፍሳሽ ይሄዳል በሚል አንድ ቀስት ይታለፋል። ያ ቀስት የሚያርፍበት ቦታ የሰው ማሳ፣ የከብት መሄጃ ወይም የሌላ ቀበሌ ቦረቦር ራስ ሊሆን ይችላል።

ምላሽ 17። የምላሽ 3 ጸሐፊ ተመልሶ መውጫው እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል ዘረዘረ፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉ በላይ በሥራ ላይ ሊውል የሚችለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ቦዩን ወደ አንድ አፍ ከመሰብሰብ ይልቅ የኮረብታው ውሃ ቀድሞ ወደሚወርድባቸው ሸለቆዎች መልሶ መከፋፈል ነው። ውሃው የሚያርፍበት ቦታ አለት ከሆነ ብዙ ወጪ የለም። አፈር ከሆነ ግን በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ሳጥን፣ ደረጃ እየተደረገ መውረድ አለበት፤ ከእያንዳንዱ ደረጃ በታች ውሃው የሚወድቅበት ወለል በድንጋይ መነጠፍ አለበት። ጋቢዮን የሚፈርሰው በአብዛኛው ከፊቱ አይደለም፤ ጎኑ በቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ጠልቆ ሳይገባ ሲቀር ውሃው በጎን ይዞረዋል፣ ወይም ከታች ንጣፍ ሲያጣ ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ክትሮች፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጠው የሚቆሙ ትናንሽ ግድቦች፣ በተከታታይ ሲሠሩ የታችኛው አናት ከላይኛው ግርጌ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ተዳፋቱ 5 በመቶ በሆነ ቦረቦር ላይ 1 ሜትር ከፍታ ያላቸው ክትሮች በየ20 ሜትሩ ይቆማሉ ማለት ነው። ምላሽ 2ን የጻፈው ኦፕሬተር ይህን አንብቦ፣ የጋቢዮን ሳጥን ሽቦ ከዝናብ በፊት ወረዳ ላይ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ድንጋዩን በእጅ ካብ መደርደርን እንደ አማራጭ አነሣ፤ ከ1 ሜትር በታች ለሆነ ክትር ካቡ በቂ እንደሆነ ተስማሙ።

ምላሽ 18። ከሸርቆሌ አካባቢ የጻፈ ሰው ማንም ያላሰበውን አመጣ። በእነሱ አገር የባህል ወርቅ አውጪዎች ዝናብ ባባራ ቁጥር በእንጨት ገበቴ ደለል ያጥባሉ፤ ወርቅ ከባድ በመሆኑ ከሳይት የሚወርደው ደለል መጀመሪያ በሚያርፍበት በገንዳው መግቢያና በክትሮቹ ጀርባ ይከማቻል። ስለዚህ ክትሩን አፍርሰው፣ የገንዳውን ዳር ቆፍረው ይወስዱታል። ጥበቃ ማቆም ጠብ ያመጣል ብሎ፣ በእነሱ ዘንድ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ደለሉ በበጋ ተጠርጎ ሲወጣ ከግድቡ ራቅ ባለ ቦታ ላይ ተከምሮ እንዲያጥቡት በስምምነት መተው እንደሆነ ገለጸ። አንድ ሁለት ሰዎች ይህ ድርጅቱን ሊያስጠይቅ ይችላል ብለው ተቃወሙ፤ እኔ ግን ገንዳ በየዓመቱ ሲፈርስ ከማየት ይህ ይሻላል እላለሁ።

ምላሽ 19። በመጨረሻ የክሩ ባለቤት ከአለቆቹ ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። ኤክስካቫተሩ መቀልበሻ ቦዩን በሁለት አቅጣጫ ይቆርጣል፤ የምሥራቁ መውጫ አለት ያለበት ሸለቆ ላይ ስለሚያርፍ ወዲያው ይጀመራል። ገንዳው ከመጥለቅ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል፤ የትርፍ ውሃ ማስወጫውም በድንጋይ ይነጠፋል። ክምሩን ማስተኛት ግን ግርጌው ከወሰኑ ስለሚያልፍ እስከሚቀጥለው በጋ ተላልፏል፤ ለጊዜው አናቱ ወደ ውስጥ ይዘምማል። የቀረበት የምዕራቡ መውጫ ነው። ውሃው በሁለት ገበሬዎች ይዞታ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ የድርጅቱ የሕግ ክፍል ከፈቃድ ወሰን ውጭ ገንዘብ አናወጣም ብሏል። ቀበሌው ስምምነት እንዲፈረም ይፈልጋል፤ ወጣቱም በስምምነቱ ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት ጠየቀ። የሕግ ባለሙያውና የልማት ሠራተኛው ተጋግዘው መለሱለት፦ የቦዩ መስመርና ስፋት ገበሬዎቹ ባሉበት በችካል ተለክቶ ይጻፍ፤ ለሚወሰደው መሬት ካሳ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ይከፈል፤ ክትሮቹን በየዓመቱ ከግንቦት በፊት የሚጠግነው ድርጅቱ መሆኑ፣ ካልጠገነም ቀበሌው አስጠግኖ ወጪውን ከመልሶ ማቋቋሚያው ገንዘብ እንደሚጠይቅ ይገለጽ፤ ማውጫው ከተዘጋ በኋላ ቦዩ የማን እንደሚሆንም አሁኑኑ ይወሰን። እስከዚያው የምዕራቡ ቦይ አይከፈትም፤ በዚያ በኩል የሚወርደው የኮረብታ ውሃ ለዚህ ክረምት ወደ ገንዳው መግባቱን ይቀጥላል።